ማህፀኔ ታመመ ብዬ ሥጋና እንቁላል ልተው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 28 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከአልጋ አልነሳም። ሕመሙ የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። እናቴ «ስትወልጂ ይተውሻል» ትለኛለች። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ ብንፈልግም አላረገዝኩም። አልትራሳውንድ ተነሥቼ ምንም አልታየም። ሐኪሙ ግን «ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል» አለኝ። የማህፀን ሽፋን ከቦታው ውጭ የሚጣበቀው በፕሮቲን ምክንያት ነው የሚል አንብቤ ሥጋም እንቁላልም ተውኩ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥጋውንም እንቁላሉንም ይብሉ። ያነበቡት ውሸት አይደለም። ግራ ያጋባዎት ፕሮቲን የሚለው ቃል ነው። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይበታተናል። ጽሑፉ የሚያወራው ሴሎች ራሳቸው ስለሚሠሩት ፕሮቲን ነው። ደምዎ በብዛት የሚፈስ ከሆነማ ሥጋ መተው ለደም ማነስ ያጋልጥዎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህፀን የውስጥ ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ እርግዝና ከሌለ ይረግፋል። ከደሙ ጋር የተወሰነው በማህፀን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ይህ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ይከሰታል። ሽፋኑ እዚያ ተጣብቆ ሲያድግ ነው ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው። በሽታው የሚይዘው ግን በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷን ያህል ነው። ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ እነዚህ ፕሮቲኖች ናቸው።

በሴሉ ገጽ ላይ ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። መንገድ ዳር የበቀለ ጭጎጎት ቀሚስ ላይ እንደሚይዘው ያዝ ያደርጋሉ። የሚይዙት ደግሞ ፋይብሮኔክቲንና ላሚኒን የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን ነው። መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ሴሉ ሥር እንዲሰድ ዙሪያውን የሚበሉ ኢንዛይሞች ያስፈልጉታል። እነሱን በወጉ የሚቆጣጠረው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። በዚህ በሽታ ግን ሽፋኑ ፕሮጄስትሮንን እንደሚገባው አይሰማም። ከዚያ ሌላ ፕሮቲን አዳዲስ የደም ሥር ይጠራለታል። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ እዚያው ሽፋኑን የሚያሳድገውን ሆርሞን፣ ኢስትሮጅንን፣ ያመርትለታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ተጣብቆ የቀረው ሽፋን፣ ማለትም ቁስሉ፣ ማደጊያውን ራሱ ያዘጋጃል። በየወሩም ያብጣል፣ ያማል።

ታዲያ ኢንተግሪንን ለምን አናጠፋውም? ፅንስም ማህፀን ላይ የሚጣበቀው በእነዚሁ ፕሮቲኖች እገዛ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ዋና ዋና መድኃኒቶች የሚሠሩት በሆርሞን በኩል ነው፤ እንክብል፣ የሦስት ወር መርፌ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ። ሕመሙን በደንብ ያስታግሳሉ፤ እየወሰዱ ሳለ ግን እርግዝና ይከለክላሉ። እርስዎ ልጅ ስለሚፈልጉ ለጊዜው አይሆኑዎትም። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ካለብዎት፣ አርግዤ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩም፣ አይውሰዱት።

እናትዎን አክብራለሁ። ግን ከአልጋ የሚያስቀር ሕመም «የሴት ወግ» አይደለም። ሲወልዱ ይተዋል ብሎ መጠበቅም ልክ አይደለም፤ አንዳንዷ ከወለደች በኋላም ይመለስባታል። አልትራሳውንዱ ንጹሕ መሆኑም በሽታውን አያስቀርም፤ ትንንሾቹ ቁስሎች ብዙ ጊዜ አይታዩበትም።

ሳይከላከሉ አንድ ዓመት ሞክሮ አለማርገዝ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነው። እርስዎ ሁለት ዓመት ቆይተዋል፤ የማህፀን ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ቁስሉን አይቶ ለማንሣት ያስችላል፤ አንዳንዶችን ለማርገዝም ይረዳቸዋል። ያስፈልግዎት እንደሆነ ከስፔሻሊስቱ ጋር ይወስኑ። ሕመሙ የሚመጣባቸውን ቀናት፣ በግንኙነት ወይም ሰገራ ሲወጡ የሚያምዎት ከሆነም ጽፈው ይያዙ። ባለቤትዎም አብረዎት ይሂዱ፤ የእሳቸው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ስለሆነ ከእርስዎ ቀዶ ሕክምና በፊት ይሠራ።

የወር አበባዎ ቀርቶ በአንድ ጎን ድንገት ከባድ ሕመም ከተነሣብዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።