«ማርያም ስማው ነው» እና ሌሎች የደም ሥር ጥያቄዎች

«የአራት ወር ልጄ የዐይኑ ቆብ ላይ ቀይ እብጠት አለበት። ሲወለድ አልነበረም፤ በሁለት ሳምንቱ ጀምሮ አሁን ዐይኑን ሊከድነው ነው። አማቴ ‹ማርያም ስማው ነው፣ ይተወዋል› ይላሉ። ጎረቤት ይተኮስ ይላል።» (እናት፣ ከዳንግላ)

እህቴ፣ የአማትሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። የጻፍሽው የሕፃናት ሄማንጂዮማን ይመስላል። የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሠሩት ሴሎች ሲባዙ የሚፈጠር፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። አብሮ ተወልዶ ከልጁ ጋር እኩል የሚሰፋው ጠፍጣፋ ወይን ጠጅ ምልክት ሌላ ነው፤ እሱ በራሱ አይጠፋም። ሄማንጂዮማ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፋጠንና ከዓመት በኋላ እየከሰመ ይሄዳል፤ አብዛኛው በ4 ዓመት ገደማ ከስሞ ያበቃል።

ጀርባው ላይ ቢሆን እኔም ጠብቂ እልሽ ነበር። ዐይን ላይ ሲሆን ግን አይጠበቅም። የሕፃን አንጎል ማየት የሚለምደው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ፣ የተከደነ ዐይን ዕጢው ከጠፋ በኋላም ደካማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር ይዘሽው ሂጂ፤ የሕፃናትም የዐይንም ሐኪም ይየው።

መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል ነው። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ ቦርዶ፣ ፈረንሳይ ያሉ ሐኪሞች ለአንድ ሕፃን ለልብ ሕመሙ ሲሰጡት ሄማንጂዮማው ሲከስም አይተው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ከአያት እንክብል ቆርሶ መስጠት ግን አደገኛ ነው። መጠኑ በልጁ ኪሎ ይሰላል፤ ሳይጠባ ከዋጠው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መተኮስማ በፍጹም! ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ጠባሳው ቆቡን ጎትቶ ዐይኑን እንዳይከድን ያደርገዋል።

«እግሬ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ወጣ፤ አያምም፣ አያሳክክም። ጠበል ስገባ የኤችአይቪ መድኃኒቴን አቁሜ ነበር።» (ከቡሬ)

ወንድሜ፣ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው የደም ሥር ካንሰር እንዳይሆን መመርመር አለብህ። ሞሪትዝ ካፖሲ ቪየና ላይ የገለጸው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከጀርባው የሄርፒስ ቤተሰብ የሆነ ቫይረስ እንዳለ የታወቀው ግን በ1994 ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ቫይረሱ ይነሣል። ከቆዳህ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ካፖሲ ከሆነ ቀጫጭን ሴሎች ተጠላልፈው፣ በመካከላቸው ባሉት ስንጥቆች ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ተሰልፈው ይገኛሉ። ያኔ ጥርጣሬው ያበቃል።

መድኃኒትህን ለማስጀመር ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያህ ተመለስ። በጊዜ ከተያዘ ብዙ ሰው ላይ ነጠብጣቡ በዚሁ ሕክምና ብቻ ይቀንሳል። ደም ከሳልክ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ ኬሞቴራፒም ሊያስፈልግ ስለሚችል ሆስፒታል ግባ። ጠበሉን ተው አላልኩህም፤ አባቶችም ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ አስተምረዋል።

«በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ሄማንጂዮማ ተገኘ። ይቆረጥ?» (ከፍኖተ ሰላም)

አይቆረጥም። ከጉበት ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ ይህን ያህሉ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በመርፌ ናሙና ይወሰድ ከተባለ ግን ሊደማ ስለሚችል ሐኪምዎን ደግመው ይጠይቁ።

«ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ጀምሮ አብጠዋል። ዕጢ ነው ወይስ የዘር? ለልጄ ሚስት የሚሰጠን ጠፋ።» (ገበሬ፣ ከደንበጫ)

ጋሼ፣ ዕጢም እርግማንም አይደለም፤ እንደ ነገሩኝ ከሆነ ዝሆኔ ነው። በባዶ እግር ሲታረስ የቀይ አፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ይገባና ከሰውነት ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚያወጡትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይደፍናል። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊሄድ ይችላል፤ ያለ አፈሩ ግን አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልጅዎ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ይህን ለአማቾቹ ንገሩልኝ። እርስዎ በየቀኑ እግርዎን በሳሙና ይጠቡ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ያድርቁ፣ ቫዝሊን ይቀቡ፣ ካልሲና ጫማ ያድርጉ፤ ሲተኙ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

«ጣት ላይ ወጥቶ ሲነካ የሚደማ ቀይ እብጠት ቆርጠን እንጥላለን። ልክ ነን?» (ነርስ፣ ከሞጣ)

መቁረጡ ልክ ነው፤ መጣሉ ግን ያሳዝነኛል። አብዛኛው ፓዮጂኒክ ግራኑሎማ የሚባለው፣ ካንሰር ያልሆነ የደም ሥር ዕጢ ነው። ነገር ግን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰርም፣ ካፖሲም በዓይን ሲታዩ እሱኑ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በተለይ እግር ላይ። የተቆረጠው ሁሉ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። አፈ ሰፊ ዕቃ ውስጥ፣ የሥጋውን መጠን አሥር እጥፍ በሚሆን 10% ፎርማሊን ይነከር እንጂ በግሉኮስ ወይም በባዶ ጓንት አይላክ። ስም፣ ዕድሜና የተቆረጠበት ቦታ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ጎን ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል።