የአክሲዮን ማኅበራችን በአየር ንብረት መመሪያ ላይ የሚያደርገውን ሎቢ የማወቅ መብት አለኝ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ሲሆን በአንድ የፋብሪካ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ አነስተኛ ድርሻ አለኝ። የፋብሪካዎችን የጋዝ ልቀት የሚመለከት ረቂቅ መመሪያ እንዲዘገይ፣ ማኅበራችን አባል በሆነበት የዘርፍ ማኅበር በኩል ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መግባቱን ሰማሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን «የውስጥ አሠራር ነው» አሉኝ። የማወቅ መብት አለኝ? ድርጊቱስ ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁለተኛው ልነሳ። አንድ ድርጅት በሚወጣ ሕግ ላይ ሐሳቡን ለመንግሥት ማቅረቡ፣ ማለትም ሎቢ ማድረጉ፣ በራሱ ጥፋት አይደለም። ለባለሥልጣን ጥቅም ተሰጥቶ ወይም ቃል ተገብቶ ከሆነ ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያስጠይቃል። የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ አሜሪካ በ1995፣ አየርላንድ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት ያለ፣ ሎቢ የሚያደርግ አካል እንዲመዘገብና ማንን ስለምን እንዳነጋገረ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ በአገራችን የለም። ስለዚህ መብትዎን ከተለያዩ ሕጎች አሰባስበን ማግኘት ይኖርብናል።

በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለአክሲዮን እንደመሆንዎ ከዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የሒሳብ መግለጫውንና የቦርዱንና የኦዲተሩን ሪፖርት ማየት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የሎቢ ወጪ በስሙ ተጽፎ አያገኙትም፤ አብዛኛውን ጊዜ «የአባልነት መዋጮና ልዩ ልዩ ወጪዎች» በሚል አንድ መስመር ተጠቃልሎ ያልፋል። በደፈናው «ሎቢ ታደርጋላችሁ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ «አናደርግም» ተብሎ ሊታለፍ ስለሚችል፣ በዚያ መስመር ለየትኛው ማኅበር ስንት ብር እንደተከፈለና ደብዳቤውን ቦርዱ ተወያይቶበት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በግልባጩ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ያስመቱ፤ በጉባኤው የሚሰጠው መልስም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ያሳስቡ። ከሌሎች ባለአክሲዮኖች ጋር ቢተባበሩ ደግሞ ይበልጥ ይደመጣሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ኩባንያው ቼቭሮን የአየር ንብረት ሎቢውን እንዲያሳውቅ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ 53 በመቶ ድምፅ ያገኘው ብዙዎች አንድ ላይ በመቆማቸው ነው።

እኔ ይበልጥ የምተማመነው ግን በዜግነት መብትዎ ነው፤ ደብዳቤው የደረሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነውና። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ የሚያወጣ የፌዴራል ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት እንዲቀበልና የመመሪያውን መዝገብ እንዲያደራጅ ያስገድዳል። በመረጃ ነፃነት ላይ በወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በረቂቁ ላይ የቀረቡ አስተያየቶችን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለዎት አቤቱታዎን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያቀርባሉ። ምናልባት «የንግድ ምስጢር ነው» ይባል ይሆናል። የማምረቻ ቀመር ወይም የዋጋ ድርድር በዚህ ሊሸፈን ይችላል፤ በሁሉም ላይ የሚጸና መመሪያ እንዲዘገይ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ምስጢር ነው ማለት በእኔ እምነት አያስኬድም። ኢትዮጵያ በ2030 እ.ኤ.አ. የምትለቀውን ጋዝ ምንም እርምጃ ባይወሰድ ሊደርስ ከሚችልበት መጠን በ68.8 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ቃል ገብታለች፤ ይህን የሚያዘገይ ጥያቄ ማን እንዳቀረበ ሕዝቡ ሊያውቅ ይገባል። እርስዎና ጎረቤቶችዎም በረቂቁ ላይ የራሳችሁን አስተያየት አስገቡ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በአካባቢ ፖሊሲዎች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥቶታል።

ደብዳቤውን በሠራተኛ በኩል በድብቅ ለማግኘት አይሞክሩ፤ ሠራተኛው ከሥራው ሊሰናበት ይችላል። ማስረጃ ሳይዙም «ጉቦ ሰጥተዋል» ብለው በአደባባይ አይጻፉ፣ በስም ማጥፋት ያስከስስዎታልና።

ፋብሪካው በተግባር አካባቢን እየበከለ፣ ለምሳሌ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ቦርከና ወንዝ እየለቀቀ ከሆነ፣ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ነው። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኙ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለብዎት፣ አቤቱታዎን ያስገቡበትን ቀን የሚያሳየውን ግልባጭ በጥንቃቄ ይያዙ።