ሁለት ሐኪሞች፣ ሁለት ምክር

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወንድሜ በድንገት ወድቆ ተንቀጠቀጠ። በኤምአርአይ ሲታይ በአንጎሉ ቀኝ በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የደም ሥሮች ትብትብ ተገኘበት፤ አልደማም ተብለናል። አንዱ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ሲል ሌላው በክትትል ይቆይ አለ። የማንን እንስማ? ጸበል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ለመንቀጥቀጡ የታዘዘለትን ኪኒን ትቷል።
እኅቱ ነኝ፣ ከአዘዞ ጎንደር

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ኪኒኑ። ዛሬውኑ ያዘዘለት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱትና ስንት ቀን እንዳቋረጠ ይንገሩ፤ ከቆዩ በኋላ በአንድ ጊዜ በሙሉ መጠን የማይጀመሩ መድኃኒቶች አሉ። ጸበሉን መተው የለበትም፤ ብቻውን ግን ውኃ ውስጥ አይግባ። የሚጾም ከሆነም የኪኒኑ ሰዓት እንዲስተካከልለት ይጠይቁ።

ጤነኛ አንጎል ውስጥ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያልፈው በቀጫጭን ሥሮች መረብ በኩል ነው፤ ግፊቱም እዚያ ይቀንሳል። ትብትቡ ላይ መረቡ የለም። ግፊቱ እንዳለ ግድግዳው ስስ ወደሆነው ደም መልስ ይገባል፣ ሥሩም ሊፈነዳ ይችላል። ያልደማ ትብትብ ካለባቸው 100 ሰዎች በዓመት የሚደማባቸው 2 ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለ24 ዓመት ወጣት ግን ገና ብዙ ዓመት አለ። ቀዶ ሕክምናን የመከረው ሐኪም ይህን አስቦ ይሆናል። ሌላውም መሠረት አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ካልደማባቸው ሕሙማን መካከል በመድኃኒት ብቻ የቆዩት ትብትቡ ከታከመላቸው ያነሰ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ክትትሉ ግን በአማካይ ከ3 ዓመት ያነሰ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ብቻ የታከሙትም ጥቂት ነበሩ።

ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው አደጋ የሚገመትበትን ነጥብ ያስቆጥሩ። ትብትቡ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ 1፣ ከ3 እስከ 6 ከሆነ 2፣ ከዚያ በላይ 3 ነጥብ ነው። ንግግርን፣ እንቅስቃሴን ወይም ዕይታን የሚመራ ቦታ ላይ ካረፈ 1፣ ደሙ ወደ ጥልቅ ደም መልስ የሚፈስ ከሆነ ሌላ 1 ይጨመራል። ወንድምዎ በመጠኑ 1 አለው፤ የቀሩትን ሁለቱን ይጠይቁ። በተለይ የደሙ አፈሳስ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በሚወሰድ የደም ሥር ምርመራ ነው። ድምሩ 1 ወይም 2 ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምናውን በቁም ነገር ማሰብ ተገቢ ነው እንላለን፤ 4 እና 5 አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በጨረር የሚደረገው ሕክምና ለትንሽ ትብትብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ እስኪዘጋ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል፣ እስከዚያ የመድማት ስጋቱ አይቀርም። በቱቦ ማጣበቂያ መርጨት ለብቻው የሚያድነው ጥቂቱን ነው፤ በአብዛኛው ለቀዶ ሕክምናው መንገድ ይጠርጋል።

እንደገና ቢጥለው ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኙትና ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከመጣ፣ አስፕሪን ሳትሰጡ በ907 አምቡላንስ ጠርታችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። የኤምአርአዩን ፊልምና ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።