ጥያቄና መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ቻርት አጻጻፍና ቃላቱ

እንደምን ዋላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ስክራይብ ሆኜ ቆይቻለሁ። አሁን አዲስ የሚገቡትን አሠለጥናለሁ። ሐኪሙ በሽተኛ ሲያይ አጠገቡ ሆነን ቻርት (የሕክምና መዝገብ) የምንጽፍ ሰዎች ምን እንደምንሠራ ታውቃላችሁና መግቢያ አላበዛም። ስለ ቻርቱና ስለ ቃላቱ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ያልተባለ አይጻፍም፣ ያልተደረገ አይጻፍም። ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ሥልጠና ልጀምር ነው። ቃላቱ ማለቂያ የላቸውም። ዝርዝሩን በሙሉ ልሸምድድ?

መልስ፦ አትሸምድድ፣ ቃሉን ቆራርጠው። «ታኪ» ፍጥነት ነው፣ «ብራዲ» ዝግታ። «ካርዲያ» ሲከተል ስለ ልብ ነው፣ «ፕኒያ» ሲከተል ስለ ትንፋሽ። በአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ታኪካርዲያ፣ ከ60 በታች ሲሆን ብራዲካርዲያ ይባላል። መጨረሻው «አይቲስ» ከሆነ ብግነት ነው፣ «ኤክቶሚ» ከሆነ ቆርጦ ማውጣት። እንደዚህ ከያዝከው አይተኸው የማታውቀውን ቃል እንኳ ትገምታለህ።

ጊዜህን የሚፈልጉት ግን ተመሳስለው የሚሰሙት ናቸው። ሄሞፕቲሲስ ሲያስል ደም መትፋት ነው፤ ሄማቴሜሲስ ደም ማስታወክ ነው። አንዱ ሐኪሙን ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ጨጓራ ይወስደዋል። ዲስፌጂያ መዋጥ ማቃት፣ ዲስፌዢያ የንግግር መታወክ ነው። ሁለተኛውን በስህተት ብትጽፍ ቻርቱን ያየ ሁሉ ስትሮክ ነው የሚያስበው። አይሊየም በ«አይ» ሲጻፍ የዳሌ አጥንት ነው፣ በ«ኢ» ሲጻፍ የትንሹ አንጀት መጨረሻ። ሲነገር ልዩነት የለውም። ሃይፐር (ከመጠን በላይ) እና ሃይፖም (ከመጠን በታች) በጫጫታ መሃል አንድ ይሆናሉ። ኤፌብራይል ማለት ትኩሳት የሌለው ነው፤ መነሻው «ኤ» ከቃሉ ተነጥሎ ከተጻፈ ግን ትኩሳት ያለው በሽተኛ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሲነገሩ የሚመሳሰሉትን 15 እና 50ንም («ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ») እንዲሁ ጠብቃቸው። ካልሰማህ ጠይቅ። «ዶክተር፣ ግራ ነው ቀኝ ያሉት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ እኔን ያስቸገረኝ ኤችፒአይ ነው። ሐኪሙና በሽተኛው በፍጥነት ያወራሉ፣ ወሬው ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዴት ነው ቅርጽ የማስይዘው?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ኤችፒአይ፣ የአሁኑ ሕመም ታሪክ፣ ለኔ ከቻርቱ ሁሉ ዋናው ነው። ማታ የጻፍሽውን ጠዋት የሚያነበው ሐኪም በሽተኛውን አይቶት አያውቅም። የሚያገኘው ያንቺን ጽሑፍ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ከዚህ ሕመም ጋር የሚገናኝ የቆየ በሽታ፣ ምን ብሎ እንደመጣ፣ ከመቼ ጀምሮ። ከዚያ ኦፒኪውአርኤስቲ የምንላቸው፦ ምን እያደረገ ጀመረው፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያቀለዋል፣ ምን ዓይነት ስሜት ነው፣ የት ነው፣ ወዴት ይዛመታል፣ ከ10 ስንት ነው፣ ይመላለሳል ወይስ አይለቅም። አብረው የመጡ ምልክቶች ይከተላሉ። ተጠይቀው «የለም» የተባሉትም ይጻፋሉ።

ቻርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌውን ግን በአማርኛ ላስቀምጠው። ደካማው እንዲህ ነው፦ «የ58 ዓመት ሰው የልብ ሕመም ይዞት መጣ። ከባድ ነው። ሌላ ምልክት የለውም።» የልብ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ከባድ ስንት ነው? ሌላ ምልክት እንደሌለው ማን ጠየቀው?

የተሻለው፦ «የደም ግፊትና ስኳር ያለበት የ58 ዓመት ወንድ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ደረጃ ሲወጣ በድንገት የጀመረ የደረት መጫን ይዞት መጣ። መሃል ደረቱ ላይ ነው፣ ወደ ግራ ክንዱ ይሄዳል፣ ከ10 7 ብሎታል። ሲያርፍ ይቀለዋል። አልቦታል፣ አቅለሽልሾታል። የትንፋሽ ማጠርና ራስ መሳት የለም ብሏል። ከመምጣቱ በፊት አስፕሪን ወስዷል።»

«ተጫነኝ» ካለ «አመመኝ» ብለሽ አትቀይሪበት። ሃርት አታክ (ድንገተኛ የልብ ሕመም) የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ «አያመኝም፣ ከበደኝ እንጂ» ነው የሚለው።

ደግሞ ሐኪሙ ለምን እንደሚጠይቅ እወቂ። ያን ጊዜ ጆሮሽ ራሱ ይይዘዋል። ራስ ምታት ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ ደርሶ እንደሆነ፣ አንገቱ ደርቆ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይኖረው እንደሆነ ይጠይቃል። የጀርባ ሕመም ከሆነ ሽንት መሽናት አቅቶት ወይም አምልጦት እንደሆነ፣ መቀመጫው አካባቢ ደንዝዞት እንደሆነ ይጠይቃል። እነዚህ የ«የለም» መልሶች ሳይጻፉ ከቀሩ ቻርቱ ባዶ ነው። ሳይጠየቁ ከተጻፉ ደግሞ ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የሚሆን ምክር ካለሽ?

መልስ፦ ስለ ምን? ቃላት ከሆነ ከላይ አለ። ኤችፒአይ ከሆነም አለ። ለይተህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ያለው ሐኪም ምርመራውን ጨርሶ ሲወጣ «ቀሪውን ኖርማል አድርገህ ሙላ» ይለኛል። ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅጽ) አለን፣ አንድ ክሊክ ነው። ልሙላ?

መልስ፦ አትሙላ። ያልተደረገ አይጻፍም። «ዶክተር፣ ሆዱን ነክተውታል? ምን ልበል?» ብለህ ጠይቀው። የነካውን ይነግርሃል፣ ያልነካው ባዶ ይቀራል። ባዶ ቦታ ማንንም አይጎዳም።

አንድ አባል (ኮደር፣ ቻርቱን ወደ ክፍያ ኮድ የሚቀይር)፦ በወረቀት ደረጃ እውነት ነው። ግን 10 ሲስተም (እንደ ልብ፣ ሳንባ ያለ የአካል ሥርዓት) ካልተሞላ ቻርቱ ደረጃ 5፣ ከፍተኛው የክፍያ ደረጃ፣ አይደርስም። ሆስፒታሉ ገንዘብ ያጣል፣ ሐኪሙም ስክራይቡን ይወቅሳል።

ሌላ አባል (ነርስ)፦ እኔ እግሩ የተቆረጠ በሽተኛ ቻርት ላይ «የሁለቱም እግሮች የደም ምት መደበኛ» የሚል አንብቤአለሁ። ያ ቻርት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ቀሪውን ማን ያምነዋል?

ኮደሩ፦ ያ የሐኪሙ ጥፋት ነው። እሱ ነው የሚፈርመው።

ነርሷ፦ የጻፈውስ እጁ የለበትም?

መልስ፦ ቆዩ። ወንድሜ፣ የምትለው ሕግ ተለውጧል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝት ኮዶች፣ ከ99281 እስከ 99285 ያሉት፣ ደረጃቸው የሚወሰነው በኤምዲኤም ነው፤ በሐኪሙ የውሳኔ አካሄድ ማለት ነው። ታሪኩና የአካል ምርመራው ለሕክምናው በሚገባው ልክ ይጻፋል እንጂ የሲስተም ቆጠራ ደረጃ አይሰጥም። በድንገተኛ ክፍል የጊዜ ርዝመትም ለእነዚህ ኮዶች አይቆጠርም።

ስለዚህ ጉልበታችሁን ኤምዲኤም ላይ አውሉት። ሦስት ነገር ይታያል፦ የችግሩ ክብደት፣ የታየው መረጃ፣ ስጋቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው ደረጃውን የሚወስኑት። ሐኪሙ ኢኬጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ንባቡን) ራሱ አንብቦታል? ጻፉት። ታሪኩን ልጁ ወይም የአምቡላንስ ሠራተኛ ነው የነገረው? ጻፉት። ከልብ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግሯል? ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተባባሉ? ሲቲ ስካን አስቦ ትቶታል? ለምን እንደተወው ከነገራችሁ ያም ይጻፋል። ይሄ ሁሉ በእውነት የተሠራ ሥራ ነው፤ ሳይጻፍ የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዙ እንዴት ነው? ለሜዲካል ስኩል ማመልከቻስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ደመወዙ እንደ ግዛቱና እንደ ቀጣሪው ነው። ለማመልከቻ ይጠቅማል። የዛሬው ርዕስ ግን ቻርት ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓት መጻፍ ላይ አለቃዬ ይጨቀጭቀኛል። ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግብ የለ?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው አንቺ የጻፍሽበትን ሰዓት ነው። ነገሩ የሆነበትን አይደለም። የደረት ሕመም ይዞት የመጣ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢኬጂ ተነሥቶ መታየት አለበት። የልብ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሆነ ከበር ገብቶ ቧንቧው እስኪከፈት ያለው ግብ 90 ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ኢኬጂውን ያየበት ሰዓት ካልተጻፈ በሰዓቱ መታየቱን ማን ያውቃል?

ስትሮክ ላይ የበለጠ ተጠንቀቂ። የሚፈለገው ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየበት ሰዓት ነው፤ ታሞ የተገኘበት አይደለም። ማታ 22:00 ደህና ሆኖ ተኝቶ ጠዋት 6:00 ሲነቃ እጁ አልታዘዝ ካለው፣ የሚጻፈው 22:00 ነው። የደም መርጋት የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው የሚሰጠው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ይህች ቁጥር ሕክምናውን ትወስናለች።

በሽተኛው አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለ። «ማታ 4 ሰዓት ደህና ነበር» ሲሉ 22:00 ማለታቸው ነው። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሳለፈው ስድስት ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል። ሐኪሙ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲጠይቅ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ከዚሁ ጋር፣ የሀገራችን ሰው ሲመጣ ሐኪሙ «አንቺ አስተርጉሚ» ይለኛል። እሺ ልበል?

መልስ፦ አትበዪ። ብቃቱ የተረጋገጠ አስተርጓሚ ካልሆንሽ ያንቺ ሥራ አይደለም። የጤና መድን ሕጉ፣ የአፎርዳብል ኬር አክት ክፍል 1557፣ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ያዛል። በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። ቻርቱ ላይ ቋንቋውንና የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ጻፊ።

አንድ አባል፦ ይሄ ይከብዳል። እናቶቻችን የስልኩን ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ልጃቸው የምትመስል ሰው አጠገባቸው ቆማ ዝም ትላለች?

ነርሷ፦ ዝም አትበል፣ ሰላም ትበላቸው። ግን ስለ መድኃኒቱ መጠን ብትሳሳት ማን ይጠየቃል?

ያው አባል፦ በስልክ ያለውም ይሳሳታል። በአማርኛ ቋንቋ ተመድቦ አማርኛው የማይሰማ አጋጥሞኛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። «እንደምን ዋሉ እማማ፣ አይዞዎት፣ አስተርጓሚ እየመጣ ነው» በዪያቸው። ይህ ይፈቀዳል፣ ደግሞም ያረጋጋቸዋል። ሕክምናውን የሚመለከተው ግን በአስተርጓሚው ይሂድ። ሲያጣምም ከሰማሽ ዝም አትበዪ፣ «ዶክተር፣ እንዲህ አይደለም ያሉት፣ እንደገና ይጠየቁ» በዪ። በሁለት ቋንቋ እየሰሙ መጻፍም አይቻልም። አንዱ ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ትናንት እኛ ጋ የመጣ አንድ በሽተኛ... (ዝርዝሩን አውጥቼዋለሁ።)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜውን፣ ከተማውን፣ የመጣበትን ቀንና የአደጋውን ዓይነት ጽፈህ ነበር። ስም ባይኖርም ጎረቤቱ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ፣ የበሽተኛን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ፣ ያለው ለዚህ ነው። ጥያቄህ ስለ ቁስል መስፋት ስለሆነ እሱን ልመልስ፦ ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ማደንዘዣው ምንና ስንት፣ በምን እንደታጠበ፣ የክሩ ዓይነትና የስፌቱ ቁጥር። ሁሉንም ሐኪሙ ሲናገር ነው የምትጽፈው። ካልተናገረ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙንና በሽተኛውን እያዳመጠ ቻርቱን የሚጽፈው ሶፍትዌር ከመጣ እኛ ምን እንሠራለን?

ኮደሩ፦ አለቀልን።

አንድ አባል፦ አላለቀም፣ ጫጫታ ውስጥ ምን ይሰማል?

መልስ፦ ስለ ሥራ ገበያው አልከራከርም። ማሽኑም ያልተባለ ነገር ይጽፋል፣ አንብቦ የሚያርም ሰው ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አጽሕሮተ ቃላት ላይ ነፃ ነን? ሐኪሞቹ እንደፈለጉ ያሳጥራሉ።

መልስ፦ አይደላችሁም። ጆይንት ኮሚሽን፣ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የከለከላቸው አሉ። ዩኒትን (የመድኃኒት መለኪያ) በ«ዩ» ብቻ ማሳጠር አይቻልም፣ በእጅ ሲጻፍ ዜሮ ወይም 4 ይመስላል። «በየቀኑ»ን በ«ኪውዲ»፣ «በየሁለት ቀኑ»ን በ«ኪውኦዲ» መጻፍም ክልክል ነው። «ኤምኤስ» ሞርፊንም ማግኒዝየምም ሊሆን ስለሚችል ሙሉውን ጻፉት። የመድኃኒት መጠን ላይ 1.0 አትበሉ፣ ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል። 0.5ን ያለ ዜሮዋ ከጻፋችሁ 5 ትሆናለች።

ደግሞ በሽተኛው ያነበዋል። ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ሰው ማስታወሻውን በስልኩ ወዲያው ያየዋል። «አስቸጋሪ በሽተኛ»፣ «መድኃኒት ፈላጊ» ብላችሁ አትጻፉ። ያለውን በጥቅስ አስገቡት፣ ያደረገውን ግለጹ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ምን ትመክሪያለሽ?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ሲቲ እዘዝልኝ» ካለኝስ? የክሪቲካል ኬር (ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ በሽተኛ የሚሰጥ ሕክምና) ደቂቃውንስ እኔ ልሙላው?

መልስ፦ ትዕዛዝ ላይ የሆስፒታልህን ፖሊሲ ተከተል። አንዳንዱ አዘጋጅተህ እንድታስቀምጥ ይፈቅዳል፣ ሐኪሙ ሳይፈርም ግን ማንም አይፈጽመውም። አንዳንዱ ጭራሽ ይከለክላል። ሁልጊዜ በራስህ መግቢያ ግባ፣ በሐኪሙ ፓስወርድ በፍጹም።

ደቂቃውን አትሙላ። ኮድ 99291 ከ30 እስከ 74 ደቂቃ ላለው ነው። ለብቻቸው የሚከፈልባቸው እንደ መተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያሉ ሥራዎች ከቁጥሩ ይወጣሉ። ይህን የሚያሰላው ሐኪሙ ነው። ያንተ ድርሻ ቻርቱ ከመዘጋቱ በፊት «ዶክተር፣ ይሄኛው በሽተኛ ላይ የክሪቲካል ኬር ጊዜ አለዎት?» ብሎ ማስታወስ ነው። ቁጥሩን ሲነግርህ እንዳለ ጻፈው። ከታች ደግሞ ማን እንደጻፈ፣ ለማን እንደጻፈ፣ ቀንና ሰዓቱን አስቀምጥ። ሐኪሙም አንብቦ ትክክል መሆኑን ይፈርማል።