የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጥቁር ጭስ፣ የ«ፔትያ» ሦስት ዘንግ እና ወረቀት ላይ የቀረው ያክ

ጥያቄ፦ «አድሚራል ኩዝኔትሶቭ» የተባለው የሩሲያ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጥቁር ጭስ ሲተፋ በቪዲዮ አየሁ። እኔ ጣና ላይ የምነዳው የናፍጣ ጀልባም ሰው ሲበዛበት እንደዚያው ያጨሳል። ምክንያቱ አንድ ነው? (ጀልባ ነጂ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥሩ አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ለነዳጁ የሚበቃ አየር የለም። አየሩ የሚያንስበት መንገድ ግን ይለያያል።

ኩዝኔትሶቭን የሚገፋው እንፋሎት ነው። ስምንት ቦይለሮች ማዙት እያቃጠሉ ውኃ ያፈላሉ፤ እንፋሎቱ እያንዳንዳቸው 50,000 የፈረስ ጉልበት የሚሰጡ አራት ተርባይኖችን ያዞራል። ማዙት ከድፍድፍ ነዳጅ ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣ በኋላ የሚቀር አተላ ነው። ቀድሞ ሞቆ ካልቀጠነና በኖዝሉ እንደ ጉም ካልተረጨ፣ የጠብታው ላይ ላዩ ይነድና ውስጡ ጥላሸት ሆኖ በጭስ መውጫው ይወጣል። በዚያ ላይ ወደ እሳቱ አየር አምቆ የሚያስገባው ነፋሻ የሚዞረው በቦይለሩ በራሱ ጭስ ነው፤ የመኪና ቱርቦ ማለት ነው። ፍጥነት ሲታዘዝ ማዙቱ ወዲያው ይጨመራል፣ ነፋሻው ግን ዙር እስኪይዝ ይዘገያል፤ በመሐሉ ጭሱ ይጠቁራል። ይህ ጤነኛ ቦይለርም የሚያደርገው ነው። ኖዝሉ ከቆሸሸ ወይም ማዙቱ ውኃ ከገባበት ግን ጭሱ መርከቡን አይለቀውም።

ወደ እርስዎ ጀልባ ስንመጣ፣ ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት፣ አየሩ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የነዳጅ ፓምፑ ግን ለባሕር ወለል አየር የተለካውን ናፍጣ መስጠቱን ይቀጥላል። ፓምፕ ማስከፈት የመጨረሻው እርምጃ መሆን ሲገባው ጋራዦቻችን ከእሱ መጀመር ይወዳሉ። እርስዎ ከፕሮፔለሩ ይጀምሩ፤ እንቦጭ ከተጠመጠመበት ሞተሩ ቆሞ ይጽዳ። የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውንም አብረው ይዩት፤ እንቦጭ ከደፈነው ሞተሩን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ። ከዚያ በሙሉ ጭነት፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጥተው፣ ሞተሩ አምራቹ የጻፈለትን ዙር መድረሱን ይለኩ። ካልደረሰ የፕሮፔለሩ ጥምዝ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ለዚህ አየር በዝቷል፤ አንድ ኢንች የቀነሰ ጥምዝ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል። ዙሩን ደርሶም ካጨሰ፣ ያኔ ኢንጀክተሮቹ ይፈተሹ፣ ፓምፑም በመለኪያ ማሽን ላይ ይቀነስ። የፓምፑን የነዳጅ ገደብ ብሎን በግምት መነካካት አይመከርም።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸው ሁለት «ፔትያ» ፍሪጌቶች ሦስት ፕሮፔለር ነበራቸው ይባላል። ሁለት አይበቃም ነበር? (ጎርጎራ)

መልስ፦ ለፍጥነት ሁለት ይበቃ ነበር፤ ሦስተኛው የመጣው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር የሚዞረው በራሱ ዘንግ ነው፤ በመሐለኛው ዘንግ ላይ 6,000 የፈረስ ጉልበት ያለው ናፍጣ ሞተር፣ በግራና በቀኙ እያንዳንዳቸው 15,000 የሚሰጡ ጋዝ ተርባይኖች ነበሩ። ለዘወትር ቅኝት ናፍጣው ብቻውን ይሠራል። ሰርጓጅ ማሳደድ ሲመጣ ተርባይኖቹ ይነሡና መርከቡ ወደ 30 ኖት ይደርሳል።

ጋዝ ተርባይን ከሚያመነጨው ጉልበት ከግማሽ በላዩን አየር የሚያምቅለት የራሱ ኮምፕሬሰር ይበላበታል። በሙሉ ጭነት ያዋጣል። ጭነቱ ሩብ ሲሆን ግን ሙቀቱም ግፊቱም ይወርዳል፣ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት የሚሄደው ነዳጅም ይንራል። ሁለቱን ዓይነት ሞተር በአንድ ዘንግ ማገናኘት ደግሞ ከባድ ካምቢዮ ይጠይቃል፤ ሦስት ዘንግ ከዚያ ጣጣ ያድናል። ዋጋው ተርባይኖቹ ሲጠፉ የጎን ፕሮፔለሮቹ እንደ መልሕቅ ውኃውን መጎተታቸው ነው።

የካምቢዮው ነገር ዛሬም አልቀለለም። የሩሲያ የ«አድሚራል ጎርሽኮቭ» ዓይነት ፍሪጌቶች 27,500 የፈረስ ጉልበት ያለውን ተርባይንና 5,200 ያለውን ናፍጣ በካምቢዮ ያጣምራሉ። ዩክሬን በ2014 እ.ኤ.አ. የተርባይን አቅርቦቱን ስታቆም ሩሲያ ተርባይኑን ራሷ ሠራች፤ ሥራውን ወደ ኋላ የጎተተው ካምቢዮው ነበር። በሩሲያ ሠራሽ ሞተርና ካምቢዮ የመጀመሪያው «አድሚራል ጎሎቭኮ» አገልግሎት የጀመረው በዲሴምበር 2023 ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥ ብሎ የሚነሣው የሶቪየት ተዋጊ አውሮፕላን ያክ-141 ለምን ቀረ? የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ቢመጣስ ቀጥ ብሎ ይነሣ ነበር? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የቀረው በገንዘብ እጦት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አንዱ ናሙና መርከብ ላይ ሲያርፍ ተከስክሶ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። ተከታዩ ያክ-43 የታሰበው ከቱ-160 ቦምብ ጣይ ሞተር በተወሰደ ትልቅ ሞተር ነበር፤ ከወረቀት አልወጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስሌት ነው። አውሮፕላኑ ባዶውን 11,650 ኪሎ ይመዝናል፤ በባሕር ወለል ቀጥ ብሎ መነሣት የሚችለው እስከ 15,800 ኪሎ ነው። ስለዚህ እዚያ ለነዳጅ፣ ለመሣሪያና ለአብራሪ አራት ሺህ ኪሎ ገደማ ይተርፈዋል። ባሕር ዳር ላይ የዋናውም ሞተር፣ ከአብራሪው ኋላ ቆመው ወደ ላይ የሚያነሡት የሁለቱ ትንንሽ ሞተሮችም ግፊት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል፤ ገደቡ ወደ 12,640 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። የሚተርፈው አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም። ከመሬት ተመልሶ የሚነፋውን የራሱን ትኩስ ጭስ በአየር መሳቢያው ቢስብ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ያለው አማራጭ እንደ ማንኛውም ጄት አስፋልቱ ላይ ተንደርድሮ፣ ክንፉን አሠርቶ መነሣት ነው።