«የፈረስ ጉልበት» ወይስ «የፈረስ ኃይል»?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር የመኪና፣ የጀልባና የአውሮፕላን ሞተር ፎቶና ድምፅ እየተለዋወጥን የምን ሞተር እንደሆነ መለየት እንወዳለን። ከፎቶው ሥር መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። እስካሁን «1,001 የፈረስ ጉልበት» እያልኩ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ በቅርቡ አንዱ ጓደኛችን «ጉልበት የመንገድ ቃል ነው፤ በሳይንስ ትክክሉ የፈረስ ኃይል ነው» ብሎ አረመኝ። የትኛውን ልያዝ? ቶርክ የሚባለውንስ በአማርኛ ምን ልበለው? ደግሞስ ኃይለኛውን ሞተር ሁሉ «ያገሳል» ማለት ደግ ነው?

መልስ፦ «የፈረስ ጉልበት» ብለው ይቀጥሉ። ነገሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚቆረቁረኝ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የጓደኛዎ ክርክር አዲስ አይደለም። የሳይንስ ቃላት እንዲጠሩ የሚተጉ ሰዎች ደጋግመው ያነሡታል፤ በፊዚክስ በጊዜ የተለካ ሥራ «ኃይል» ከተባለ የመለኪያው ስምም «የፈረስ ኃይል» መሆን አለበት ይላሉ። ሲሰሙት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ቃላቱን አንድ በአንድ ስንፈትሽ ግን አይጸናም።

«ኃይል» ከግእዙ «ኀይል» የመጣ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ በግእዙ «ኀ» ነበር፤ ራብዑን «ኃ» ያስገባው አነባበባችን ነው፤ እኔም የምከተለው የአንባቢ ዓይን ስለለመደው ብቻ ነው። ግሱ «ኀየለ»፣ በረታ ማለት ሲሆን፣ «ነፋሱ አየለ» ስንል የምንሰማው «አየለ» ከዚያው የወረደ ነው። በግእዝ ኀይል ብርታትም ነው፣ ሠራዊትም ነው፤ የዕብራይስጡ «ሐይል» እንደዚሁ ሁለቱንም ይዟል። ወደ ዐረብኛ ሲሻገሩ ደግሞ «ኸይል» ፈረሶች ማለት ሆኖ ይገኛል። ይህ «ኸይል» ከግእዙ ጋር አንድ ሥር አለው የለውም የሚለው ያከራክራል፤ እኔ አለው ባይ ነኝ። ብርታት፣ ሠራዊትና ፈረስ በአንድ ቃል ዙሪያ መሰብሰባቸው ፈረሰኛ ጦር የሠራዊት ሁሉ አውራ ከነበረበት ዘመን የቀረ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ «የፈረስ ኃይል» ያለ ሰው ፈረሱን ሁለት ጊዜ ጠርቶታል።

«ጉልበት» በመጀመሪያ የአካል ስም ነው። ግእዝ ለዚሁ አካል «ብርክ» ይላል፤ አማርኛ ብርክን «ብርክ ያዘው» እና «ተንበረከከ» ውስጥ አስቀርቶ አካሉን ጉልበት አለው፤ ከዚያም የአካሉን ስም ለብርታት ሰጠ። የሰጠው ግን ለማንኛውም ብርታት አይደለም። የጦር ኃይል በሰፈሩ ተቀምጦ እያለም ኃይል ነው። ጉልበት ግን ሥራ ላይ ሲፈስ ነው የሚታወቀው፤ «የጉልበት ሥራ»፣ «የጉልበት ዋጋ»፣ «ጉልበቴን ጨረስኩ» እንላለን። «የኃይል ሠራተኛ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ጄምስ ዋት የለካውም ይህንኑ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥላቸው ካሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን በፈረስ የሚያሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ «ይህ ሞተር የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገው ነበር። 33,000 ፓውንድ የሚመዝን ሸክም በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግን የአንድ ፈረስ ልክ አድርጎ ወሰነው። የፈረስ የጉልበት ሥራ በደቂቃ ተሰፍሮ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ስም ከየት ይመጣል?

«ሳይንሱ እንዲህ ስላለ መለኪያውም እንዲህ ይባል» የሚለውን ደግሞ ሌሎች ቋንቋዎችም አልተቀበሉትም። ጀርመኖች በፊዚክስ መጽሐፋቸው «ላይስቱንግ» የሚሉትን መጠን በፈረስ ሲለኩት «ፕፌርደሽቴርከ» ነው የሚሉት፤ የፈረስ ብርታት። ፈረንሳዮች መጠኑን «ፒዊሳንስ» ብለው መለኪያውን «ሽቫል ቫፐር» አሉት፤ የእንፋሎት ፈረስ እንደ ማለት። ጣልያኖችም «ካቫሎ ቫፖሬ» ብለው ያንኑ መንገድ ሄዱ። በሦስቱም የመጠኑ ስምና የመለኪያው ስም ለየብቻ ነው። እኛም ክንድና ስንዝር ብለን የለካን ሰዎች ነን፤ ጉልበት ከፈረስ ጋር ተጣምሮ መለኪያ ቢሆን ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ኃይል» በበኩሉ ሸክም በዝቶበታል። «የስበት ኃይል» ስንል አንድ መጠን ነው፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል» ስንል ሌላ መጠን ነው። ሁለቱን የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፈረስ መጫን አያስፈልግም።

ስለ ፎቶው መግለጫ አንድ ነገር ላክል፤ ፈረሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የጄምስ ዋት ፈረስ፣ በስሙ በተሰየመው በዛሬው መለኪያ፣ ወደ 745.7 ዋት ነው። በኋላ በአውሮፓ የጸናው የሜትሪክ ፈረስ 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ወደ 735.5 ዋት ነው። እርስዎ የጠቀሱት 1,001 የቡጋቲ ቬይሮን መኪና ቁጥር ይመስለኛል፤ ባለ 8 ሊትር፣ 16 ሲሊንደርና 4 ቱርቦ የሆነው ሞተር ማለቴ ነው። ያ ቁጥር በሜትሪክ ፈረስ ነው። ያው ሞተር በዋት ፈረስ ሲለካ 987 ስለሚሆን፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ቁጥር ይዘው መጥተው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። «የሜትሪክ» የምትለዋን ቃል ከፊት ቢያስቀምጧት ብዙ ክርክር ያስቀራሉ።

ቶርክ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ የተቃራኒው ወገን ብርቱ ማስረጃም እዚህ ነው ያለው። መካኒኩ «ሞተሩ ጉልበት የለውም»፣ «ዳገት ላይ አይስብም» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ቶርክ ነው፤ ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ ክራንክ ሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያዞር። ስለዚህ «ጉልበትን ለቶርክ፣ ኃይልን ለፈረሱ እንስጥ» የሚሉት ሰዎች ከሕዝቡ አነጋገር ድጋፍ አላቸው። ይህን አልክድም። ቢሆንም አልቀበላቸውም። «የፈረስ ጉልበት» ተጣምሮ ጸንቷል፤ የጸና ጥምረት መፍታት ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

እኔ ለቶርክ የምመርጠው «ጥምዘዛ» ነው። «ጠመዘዘ» ሁላችን የምናውቀው ግስ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚሆነውም መጠምዘዝ ነው። ልዩነቱ በሁለት ሞተሮች ጥርት ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2013 በፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ላይ የሮጡት ባለ 2.4 ሊትር ቪ8 ሞተሮች (8 ሲሊንደሮቻቸው በቪ ቅርጽ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ) ከ2009 ወዲህ ዙራቸው በደቂቃ 18,000 ተወስኖ ወደ 750 የፈረስ ጉልበት ያወጡ ነበር። ጥምዘዛቸው ግን በራሱ መለኪያ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ያን ያህል የዘመኑ ተራ የናፍጣ መኪናም አለው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 አገልግሎት የጀመረችው የኤማ ማርስክ መርከብ ባለ 14 ሲሊንደር የዋርትሲላ-ሱልዘር ሞተር በደቂቃ የሚዞረው 102 ጊዜ ብቻ ነው። ጉልበቱ 80,080 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 109,000 የሜትሪክ ፈረስ ሲሆን፣ ጥምዘዛው ከ7 ሚሊዮን ኒውተን ሜትር ይበልጣል። የፈረስ ጉልበት የሚገኘው ጥምዘዛን በዙር ፍጥነት በማባዛት ነው፤ የውድድር መኪናው ከፍጥነቱ፣ መርከቧ ከጥምዘዛዋ ያገኙታል። ሁለቱንም «ጉልበት» ካልን ይህን ልዩነት የምንናገርበት ቃል አይኖረንም።

«ጥምዘዛ» ብዬ ስጽፍ ግን «ቶርክ ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ አንባቢ አላጣሁም። ወጣቱም፣ መካኒኩም፣ ሻጩም ቶርክ ነው የሚለው። ቃሉ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የሚወጣም አይመስለኝም። እርስዎም «ቶርክ» ብለው ቢጽፉ አማርኛዎ አይበላሽም፤ ደስ ግን አይለኝም።

የጄት ሞተር ከሆነ ፈረስን ጨርሰው ይተዉት። ጄት የሚለካው ወደፊት በሚገፋበት ልክ ነው፤ የቦይንግ 777-300ኢአር ሞተር የሆነው ጂኢ90-115ቢ ወደ 513 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ቢገፋ አውሮፕላኑን ስላላንቀሳቀሰው በአውሮፕላኑ ላይ የሠራው ሥራ የለም፤ የፈረሱ ቁጥር የሚመጣው ግፊያው በፍጥነት ሲባዛ ነው። ለዚህ «ገፊ ኃይል» ይበሉ፤ «ኃይል» ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። «ግፊት» ብቻውን ለአየርና ለደም ተይዟል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የድምፁ ነው። ድምፅ ሰምቶ ሞተር ለሚለይ ሰው «ያገሳል» ብቻውን ስንፍና ነው፤ አማርኛ በድምፅ ግስ ሀብታም ሆኖ ሳለ በአንዱ መኖር ያሳዝናል። የአሜሪካኖቹን ቪ8 ያድምጡ። የክራንክ ሻፍቱ መታጠፊያዎች በ90 ዲግሪ የተለያዩ ስለሆኑ በየረድፉ ያለው ፍንዳታ አንዴ ይቀራረባል፣ አንዴ ይራራቃል፤ ሥራ ፈትቶ ሲዞር የሚሰማው ያ ያልተስተካከለ ድምፅ ማጉረምረም ነው። መታጠፊያዎቹ በአንድ ጠፍጣፋ መስመር ላይ የሆኑለት የፌራሪ ቪ8 ፍንዳታው ከረድፍ ረድፍ እኩል ስለሚፈራረቅ አያጉረመርምም፤ ዙሩ ሲጨምር ይጮኻል። ባለ አራት ምት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ የሚተኩስበት፣ 12 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6,000 ሲዞር በሰከንድ 600 ጊዜ ይተኩሳል፤ 8 ሲሊንደሩ በዚያው ዙር 400 ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ቀጥኖ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያፏጫል። ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩለት የድሮ የአውሮፕላን ሞተር ሲነሣ ያስላል፣ ጭስ ይተፋል፣ ሲረጋ ደግሞ ያስገመግማል፤ ማስገምገም ሩቅ ላለ ነጎድጓድ የተሰጠ ቃል ነውና ይስማማዋል።

«ያገሳል»ን ለጥቂቶቹ ብቻ ባስቀረው ደስ ባለኝ። ጆሮ ግን በየዕለቱ ሌላ ነው የሚሰማው፤ የድምፅ ማፈኛው የተነቀለ መኪና ሁሉ «አገሳ» ይባላል፣ ቃሉም ለሞተር የጋራ ስም ወደ መሆን ሄዷል። ይሁን። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖችን፣ ስፒትፋየርንም ኋላ የመጣውን ሙስታንግንም፣ ያበረረው ባለ 27 ሊትር የሮልስ ሮይስ ሜርሊን ቪ12 ሙሉ ነዳጅ ተከፍቶለት ዝቅ ብሎ ሲያልፍ «አገሳ» ብለው ከጻፉ ግን አልከራከርዎትም።