ነሐሴ ይሂዱ፤ ወንዙ የሚጎድለው ያኔ ነው

ጋሼ፣ ጥያቄዎን አየሁት። «ዳላስ ልጄ ጋ ልሄድ ነው። የልጅ ልጆቼ የዳይኖሰር ዱካ ያለበት ፓርክ ካልወሰድንህ ብለዋል። ግንቦት ይሻላል ነሐሴ? ጉልበቴስ ይችለዋል?» ብለዋል።

ወንድሜ እዚያው ስለሚኖር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ነሐሴ ይሂዱ። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ሆነን ነሐሴ ስንል ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ የሚጠፋበት ወር ነው። ቴክሳስ ግን ተቃራኒው ነው። ዱካዎቹ ያሉት ፓላክሲ የሚባል ወንዝ ወለል ላይ ነው፤ ወንዙ የሚጎድለው ደግሞ በእነሱ በጋ ማብቂያ ላይ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ግንቦት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ድፍርስ ውሃ አይቼ ተመለስኩ። ከሁለቱ ግዙፍ የዳይኖሰር ሐውልቶች ጋር ፎቶ ተነሳን፣ በቃ። (ሐውልቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1964–65ቱ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የመጡ ናቸው። ልጆች ይወዷቸዋል።)

በሁለተኛው ጉዞ ወለሉ ወጥቶ ነበር። የሥጋ በሉ ዳይኖሰር ዱካ ባለ ሦስት ጣት ነው፤ የዶሮ እግር ይመስላል፣ ግን ግማሽ ሜትር የሚደርስ አለ። የቅጠል በሉ ክብ ጎድጓዳ ነው፣ ቡሃቃ በሉት። ምንጭ ዳር ከብት የረገጠው ጭቃ በጥቅምት ፀሐይ ሲደርቅ አይተው የለ? ነገሩ እሱ ነው። ከ113 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቦታው የባሕር ዳር ጭቃ ነበር። የተረገጠው ላይ ሌላ ደለል ተከመረበት፣ ሁሉም ድንጋይ ሆነ። በኋላ ወንዙ የላዩን እየሸረሸረ ገለጠው። አፅም ግን አይጠብቁ፤ የሚያዩት ዱካ ነው።

ስለ ጉልበትዎ፦ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ደረጃ አለ፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። የማያዳልጥ ጫማና ከዘራ ይያዙ። ነሐሴ ሙቀቱ ለእኛ ለደገኞች አይቻልም፣ በማለዳ ይድረሱ። ቅዳሜና እሑድ ስለሚሞላ ልጅዎ መግቢያውን ቀድማ በኢንተርኔት ትያዝ።

ለልጆቹ ደግሞ ይንገሯቸው፦ ከለሚ ወርደን ወደ ዓለም ከተማ ስንወጣ የምናቋርጠው የጀማ ሸለቆም የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቶበታል። ከቴክሳሱ ዱካ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል። ይህን ለወንድሜ ልጅ ብነግረው «ታዲያ አንተ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?» አለኝ።